ሰርቨሩ አልዘገየም፣ እኛው ነን ያልላክነው

ፕሮግራማችሁ ሲንቀራፈፍ ሎጉ ላይ 40 ሚሊሰከንድ እየተደጋገመ ካያችሁ፣ ሰርቨሩን ከመርገማችሁ በፊት ቆም በሉ። 200 ከሆነም እንደዚያው። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ከኮድ ፍጥነት ጋር ግንኙነት የላቸውም። የሆነ ቦታ አንድ ሰዓት ቆጣሪ እስኪያልቅ እየተጠበቀ ነው ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። አንዲት ትንሽ ክላየንት፣ ማለትም ሰርቨር የምትጠይቅ ፕሮግራም፣ ጽፌ ነበር። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሶኬት (የግንኙነት መስመር) ትከፍታለች፣ ጥያቄ ትልካለች፣ መልስ ትቀበላለች፣ ሳትዘጋ እንደገና ትልካለች። ሁለቱም ማሽኖች ሊኑክስ ናቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ስዊች ላይ ተሰክተዋል። ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም ደርሶ መልሱን ስለካ፣ ግማሽ ሚሊሰከንድ አይሞላም። እንግዲህ በሰከንድ ብዙ መቶ ጥያቄ ታስተናግዳለች ብዬ ስጠብቅ የምትጨርሰው 24 ገደማ ሆነ። 1000 ጥያቄ ለመጨረስ 41 ሰከንድ! ሲፒዩው ተኝቷል፣ ዳታቤዙ ተኝቷል፣ ኔትወርኩም ተኝቷል። እኔ እንደሆንኩ ጥፋተኛው ሰርቨሩን የጻፈው ልጅ መሆኑን ቀድሜ ወስኛለሁ። ነገርኩትም። እሱ «በእኔ በኩል አንድ ሚሊሰከንድ አይፈጅም» ይላል፣ እኔ «ታዲያ 40ው ከየት መጣ?» እላለሁ፣ ቀኑ እንዲህ መሸ።

ማታ ላይ ቲሲፒደምፕ ከፍቼ የሚወጣና የሚገባውን ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ ጥቅል፣ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። እንዲህ ነበር። ከእኔ 4 ባይት ወጣ። ዝምታ። 40 ሚሊሰከንድ ካለፈ በኋላ ከሰርቨሩ ባዶ «ደርሶኛል» መጣ። በዚያችው ቅጽበት ከእኔ የቀረው 120 ባይት ወጣ። ሚሊሰከንድ ሳይሞላ መልሱ ከች አለ፣ በሦስት ትንንሽ ፓኬት ተቆራርጦ። የመጨረሻዋን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም። ልብ ያልኩት ዝምታውን ነው። 40ውን ሚሊሰከንድ ሙሉ የእኔ 120 ባይት የእኔው ማሽን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ኮዴ ላይ ግን ሁለት ራይት (የጻፍ ትእዛዝ) ተከታትለው ነው ያሉት። መጀመሪያ የመልእክቱን ርዝመት በ4 ባይት እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ መልእክቱን። በሁለቱ መሃል ምንም የለም። ታዲያ ማን ነው ያስቀመጠው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እናጥራ። ራይት ብላችሁ ጽፋችሁ «ተሳክቷል» ሲላችሁ ተልኳል ማለት አይደለም። ከርነሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ዕቃውን ከእጃችሁ ተቀብሏል ማለት ብቻ ነው። መቼ መኪና ላይ እንደሚጫን የሚወስነው እሱ ነው። ከእሱም በፊት ሌላ ጓዳ አለ። ጃቫ ላይ በፈርድ አውትፑት ስትሪም ከተጠቀማችሁ፣ ካልነካችሁት በቀር 8192 ባይት እስኪሞላ ወይ እናንተ ፍላሽ እስክትሉት ድረስ ለከርነሉም አይሰጥም። (ፍላሽ ስል ኪስ ውስጥ የሚከተተውን ፍላሽ አይደለም፤ በፈር በሚባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ጠራርጎ ማስወጣትን ነው።) ጀማሪ ተማሪዎች የቻት ፕሮግራም ሲጽፉ «ልኬያለሁ ግን እዚያ ማዶ አይታይም» የሚሉት፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ከዚህች ጓዳ ነው የሚወጣው። እኔ የመደብኩት ቁጥር ነው፣ ግን ብዙ አላጋነንኩም።

ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳቱ አሉ። «ፍላሽ አድርጌያለሁ እኮ!» ይላሉ። ፍላሽ የሚያደርገው ከመጀመሪያው ጓዳ ወደ ሁለተኛው ማሻገር ነው። ከርነሉ ጋ ሲደርስ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ያ ሕግ ደግሞ ፍላሽ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ሕጉ የወጣው በጥር 1984 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጆን ኔግል የሚባል ሰው ፎርድ ኤሮስፔስ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ አዎ የመኪናው ፎርድ ቅርንጫፍ። የድርጅቱ ኔትወርክ በትንንሽ ፓኬቶች ይጨናነቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ራቅ ካለ ኮምፒውተር ጋር የሚሠራው በቴልኔት ነው፣ አንድ ፊደል በነኩ ቁጥር አንድ ፓኬት ይሄዳል። ፊደሏ 1 ባይት ናት። በኢንተርኔት ሕጎች በአይፒና በቲሲፒ መሠረት ፊቷ ላይ የሚለጠፈው አድራሻና መቆጣጠሪያ (ሄደር) ደግሞ የአይፒው 20፣ የቲሲፒው 20። 1 ባይት ለማድረስ 41 ባይት መጓዝ አለበት። ኔግል አርኤፍሲ 896 በሚባለው ሰነዱ ላይ ትርፍ ጭነቱን 4000 በመቶ ብሎ አስልቶታል። በዘመኑ መስመር ይህ ቀልድ አልነበረም።

መፍትሔው የሚገርም ቀላል ነበር። መገናኛ የቆመ ሚኒባስ አስቡ። ሞልቷል? ሳበው። አልሞላም፣ ግን ቀድሞ የወጣው ታክሲ በሰላም መድረሱ ተሰምቷል? አንድ ሰውም ቢሆን ይዘህ ሂድ። ፊተኛው ገና መንገድ ላይ ነው? እንግዲያው ወይ እስኪሞላ ወይ ፊተኛው ደረሰ እስኪባል ቁም። ሞላ የሚባለው ተራ ኢተርኔት ላይ 1460 ባይት ሲሆን ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰዓት ቆጣሪ የለውም፣ ኔትወርኩ ፈጣን ከሆነ ቶሎ ይሄዳል፣ ቀርፋፋ ከሆነ ብዙ ይጠራቀማል። እኔ በበኩሌ ይህን ሕግ አደንቀዋለሁ። ስሙ በክፉ መነሳቱ አንዳንዴ ያሳዝነኛል።

ችግሩ የመጣው ከማዶ ነው። ተቀባዩ ፓኬት ሲደርሰው ማረጋገጫ ይልካል፣ እኛ ደረሰኝ እንበለው፣ ቃሉ ራሱ «ደርሶኛል» ስለሚል የተሻለ ስም አይገኝለትም። ለእያንዳንዷ ፓኬት ባዶ ደረሰኝ መላክ ደግሞ ሌላ ብክነት ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ትንሽ ይታገሣል፣ ድሮ አሜሪካ ላለ ዘመድ ደብዳቤ ለመላክ የሚሄድ ሰው ይጠበቅ እንደነበረው። የሚላክ መልስ ከተገኘ ደረሰኙ በዚያው ይሄዳል። ካልተገኘ ሰዓቱ ሲያልቅ ብቻውን ይወጣል። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 ይህ ጥበቃ ከ500 ሚሊሰከንድ በታች ይሁን አለ። ሊኑክስ ላይ ዝቅተኛው 40 ነው። ዊንዶውስ 200 ሲጠቀም ኖሯል። ቁጥሮቻችን ከየት እንደመጡ ታየ አይደል?

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። የእኔ ማሽን «ለ4ቱ ባይት ደረሰኝ ካልመጣ 120ውን አልልክም» ይላል። ሰርቨሩ «4 ባይት ብቻ ደርሶኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? መልስ እስኪኖረኝ ደረሰኙን ላቆየው» ይላል። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው፣ አንዱ «ግባ»፣ ሌላው «ኧረ አንተ ቅደም»፣ «በሞቴ» ሲባባሉ ምግቡ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። ሁለቱም ለኔትወርኩ አስበው ነው። ኔግል ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ ያለው ይኸንኑ ነው፤ የእሱ ሕግና ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ደረሰኝ የማዘግየት ሐሳብ በአንድ ሰሞን ለየብቻ ገብተው ነው የተጋጩት፣ ይበልጥ የሚወቅሰውም ማዘግየቱን ነው።

አንዲት ተንኮል ደግሞ አለች። ሊኑክስ ግንኙነቱ ገና ሲጀመር ደረሰኝ አያዘገይም። ወዲያ ወዲህ የሚባባል ንግግር መሆኑን ሲያይ ነው መታገሥ የሚጀምረው። ስለዚህ ማለዳ ላይ አምስት ጥያቄ ልኬ ስሞክራት ክላየንቷ እንደ ጥይት ነበረች። እውነተኛው ሥራ ሲመጣ ነው ያነከሰችው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ዝነኛ ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ እውነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የትም ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ ቲሲፒ ኖዲሌይን አብራ። ይህች የሶኬት ማስተካከያ የኔግልን ሕግ ታጠፋለች። ሚኒባሱ ሳይሞላ ይሄዳል። ጎ ቋንቋ ላይ ከመጀመሪያውም የበራች ናት። ከርል የሚባለው ዳታ ማስተላለፊያ ፕሮግራም በ2016 ከ7.50.2 ስሪት ጀምሮ ሳይጠየቅ ማብራት ጀመረ። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ክላየንት ላይብረሪም ያበራታል። በ2024 ደግሞ ማርክ ብሩከር የሚባል የአማዞን መሐንዲስ ጉዳዩን እንደገና አነሳውና፣ ዛሬ ባለው ኔትወርክና ማሽን የኔግል ሕግ ሳይጠየቅ መብራቱ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ተከራከረ። ብዙ ሰው በመስማማት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ነገር ተቃጥሏል።

እኔም ጭንቅላቴን ነቅንቄያለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ። ኖዲሌይ በሽታውን አያድንም፣ ምልክቱን ነው የሚያጠፋው። የእኔን ሁለት ራይት ውሰዱ። ኖዲሌይ ባበራ 40ው ይጠፋል፣ ነገር ግን ለአንድ ጥያቄ ሁለት ፓኬት ይሄዳል። የእኔ ሁለት ነው። ጄሰን የሚባለውን የመረጃ ጽሑፍ ቅንፍ በቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝ በነጠላ ሰረዝ በቀጥታ ወደ ሶኬት የሚጽፍ ላይብረሪ ቢሆንስ? እያንዳንዷ ነጠላ ሰረዝ የራሷን ሚኒባስ ተሳፍራ ትሄዳለች። መስመሩ በቲኤልኤስ ከተመሰጠረ ደግሞ ይብሳል። በቲኤልኤስ 1.3 እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ 5 ባይት ሄደር፣ 1 ባይት የዓይነት ምልክት፣ 16 ባይት ማረጋገጫ ይጨመርበታል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከነ40ው ባይት የአይፒና የቲሲፒ ሄደር 63 ባይት ሆና ትወጣለች። የፈረንጆቹ 1984 ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ ያውም በሞባይል ዳታ፣ ያውም ደንበኛው በሚከፍለው ሜጋባይት። ቢሮ ውስጥ ባለ ፋይበር ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን አናየውም። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ቦታ ሆኖ ፋይል የሚጭነው ሰው ግን ያየዋል።

ከርነሉ ለምን ይገምታል? እኛ ስላልነገርነው ነዋ። መልእክቱ የት እንዳለቀ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ከርነሉ የሚያየው የባይት ወንዝ ነው፣ 4 ባይት ሙሉ ሐሳብ ይሁን የሐሳብ ጅራት የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ውሳኔውን ለከርነሉ ትቶ፣ ከዚያ ውሳኔውን መልሶ በኖዲሌይ መንጠቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ መልእክቱን እኛው ጋ አጠራቅመን፣ ሲያልቅ በአንድ ራይት መስጠት ነው። አጠራቅሙ፣ ከዚያ ኖዲሌይን አብሩ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው የሚያምረው። አንዱ ብቻውን ጎዶሎ ነው።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ አሮጌ ግን ግሩም መልስ አለ። ኤክስ 11 የሚባለው የመስኮት ሲስተም በ1987 ከኤምአይቲ ሲወጣ፣ ኤክስሊብ የተባለው ክላየንት ላይብረሪው እያንዳንዱን «መስመር ሳል፣ ሳጥን ሙላ» ትእዛዝ ወዲያው አይልክም ነበር። አሁንም አይልክም። በራሱ በፈር ያጠራቅማል። ታዲያ ፕሮግራሙ «ቀጣዩ ክስተት ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠበቅ ሲዘጋጅ፣ ያኔ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይልካል። እስኪ አስቡት። ሥራ እስካለኝ ልጻፍ፣ ልቀመጥና መልስ ልጠብቅ ስል ግን እጄ ላይ ምንም አይቅር። ከመጠበቅ በፊት መላክ። ሰው ሳያስታውስ ላይብረሪው ራሱ የሚያደርገው ስለሆነ ይረሳል የሚል ስጋት የለም። መካከል ላይ የግድ አሁኑኑ ይሂድልኝ ለሚል ደግሞ ኤክስ ፍላሽ የሚባል ትእዛዝ ተቀምጦለታል። ክላየንት ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ነባሪ ምርጫ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሊኑክስ ላይ ቲሲፒ ኮርክ የሚባልም አለ። ኮርክ ያው የጠርሙስ ቡሽ ነው። ቡሹን ከድናችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ትጽፋላችሁ፣ ስትነቅሉት ይፈሳል። ሳይነቅሉ መርሳት እንዳለ ስለገባቸው ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ አይይዝም። ትልቅ ፋይል ከነሄደሩ ለሚልክ ሰርቨር ሸጋ ነው። ለክላየንት ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም የእናንተ ክላየንት ነገ ዊንዶውስና አይፎን ላይ መሮጡ አይቀርም፣ ቡሹ ደግሞ እዚያ የለም።

ይህ ሁሉ ለሚሊሰከንድ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ርቀቱን ይቁጠር። አዲስ አበባ ተቀምጦ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ጋር የሚነጋገር ስልክ አስቡ። በአየር መስመር ወደ 5300 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ፊዚክስ ራሱ አይፈቅድም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባሕር ስለሌለን ጂቡቲ ወይም ሌላ ጎረቤት ጋ ወርዶ፣ በባሕር ዞሮ ነው የሚደርሰው። ደርሶ መልሱ 120 ነው እንበል። ጥያቄያችሁን በሁለት ራይት ከቆረጣችሁት፣ ሁለተኛው ቁራጭ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ስለሚጠብቅ 120ው 240 ይሆናል፣ የማዘግየቷ 40 ስትጨመር 280። አንድ ስክሪን ለመክፈት ተከታታይ ስድስት ጥያቄ የሚልክ አፕ ደግሞ አንድ ሰከንድ ያህል እንዲሁ አቃጠለ። ፍራንክፈርት ያለው ፕሮግራመር እዚያው ከተማ ካለው ሰርቨር ጋር ሲሞክረው ምንም አይታየውም። ሕመሙ የሚሰማው ሩቅ ላለው ነው።

ቶሎ መላክ ብቻውን መልካም ነው ብዬ እንዳልታማ፣ የሌላኛውንም ጫፍ ልንገራችሁ። ተጠቃሚው ፎቶ እየጫነ «ሰርዝ» ይላል። ፕሮግራማችሁ ግን ፎቶውን ቶሎ ቶሎ ለከርነሉ አስረክቦ ጨርሷል። ሊኑክስ የአንድ ሶኬት መላኪያ በፈርን ሳይነኩት እስከ 4 ሜጋባይት ሊያሳድገው ይችላል። «ሰርዝ» የምትለዋ ትእዛዝ ከዚያ ሁሉ ጀርባ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ተጠቃሚው ቁልፉን አሥር ጊዜ ይጫናል። ለዚህ ቲሲፒ ኖትሴንት ሎዋት የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ያልተላከው ክምር ካልቀነሰ «ጻፍ» አይላችሁም፣ የትኛው ይቅደም የሚለውም እጃችሁ ላይ ይቆያል።

ሰሞኑን ይህ ሁሉ ነገር እንደገና ወሬ የሆነው በኤአይ ቻቶች ምክንያት ይመስለኛል። መልሱ ቃል በቃል እየተንጠባጠበ ሲመጣ ነው ደስ የሚለው። ከዚያ አንድ ቀን ሰርቨሩ ፊት ኤንጂንኤክስ የሚባል ፕሮክሲ (መሃል ሆኖ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ይቀመጥና መልሱ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንዴ ዱብ ይላል። ኖዲሌይ ማብራት ምንም አይረዳም፣ ምክንያቱም ኤንጂንኤክስ ላይ እሱ ቀድሞም የበራ ነው። ያጠራቀመው የፕሮክሲው የራሱ በፈር ነው። መልሱ ላይ «ኤክስ አክሴል በፈሪንግ፦ ኖ» የሚል ሄደር ሲጨመር ያስተላልፈዋል። ጓዳው በበዛ ቁጥር የትኛው ጓዳ እንደያዘው መፈለግ ነው ሥራው። ኩዊክ የሚባለው አዲሱ ፕሮቶኮል፣ በ2021 አርኤፍሲ 9000 ሆኖ የወጣው፣ ይህን ሁሉ ከከርነል አውጥቶ ወደ ፕሮግራሙ አምጥቶታል። እዚያም ደረሰኝ ይዘገያል፣ ሳይነኩት እስከ 25 ሚሊሰከንድ። ጥያቄው ቤት ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ወደ እኔ ክላየንት ስመለስ፣ ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ርዝመቱንና መልእክቱን አንድ ድርድር ውስጥ ከትቼ በአንድ ራይት ላክኳቸው። ኖዲሌይንም አበራሁ። 1000 ጥያቄ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ አለቀ።

በማግስቱ የሰርቨሩን ልጅ ቡና ጋብዤ ይቅርታ ጠየቅኩ። የፓኬቱን ዝርዝር በላፕቶፕ አሳየሁት። እሱ ግን የእኔን 4 ባይት ትቶ ወደ ታች ወርዶ የራሱን መልስ ማየት ጀመረ። «ቆይ፣ ይህ ለምን በሦስት ፓኬት ወጣ?» አለ። ኮዱን ከፈተው። አንድ ራይት ለሄደሩ፣ አንድ ለአካሉ፣ አንድ ለመጨረሻዋ አዲስ መስመር። ኖዲሌይ በርቷል። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ።